ከሥሩ የሚጀመር ሥራ፦ አሮጌ ባለሰንሰለት ትራክተርን በግቢ ፈትቶ ስለ ማደስ

(በዩኒየኑ የምሥረታ በዓል ለአባላትና ለተጋባዥ እንግዶች የቀረበ ንግግር)



በግቢ ጥግ ቆሞ ሣር የወረሰው አሮጌ ባለሰንሰለት ትራክተር ለባለቤቱ ሁለት ነገር ነው፤ ሲያዩት ሀብት፣ ሲነኩት ዕዳ። ዶሮ ከሥሩ ትተኛለች፣ ልጆች ማንሻዎቹን እየጎተቱ ይጫወታሉ፣ ባለቤቱም በየዓመቱ «ዘንድሮ አስነሳዋለሁ» ይላል። አንድ ቀን የቁርጥራጭ ብረት ነጋዴ ይመጣና በኪሎ ዋጋ ይቆርጥለታል። በዚያች ሰዓት የሚሰጠው መልስ የአንድ ቤተሰብን ወይም የአንድ ማኅበርን የብዙ ዓመት ቁጠባ ሊያተርፍም ሊያጠፋም ይችላል። ለመሸጥም ሆነ ለማደስ መቁረጥ አያሳፍርም፤ የሚያሳፍረው ሳይለኩ መቁረጥ ነው።

በመጀመሪያ ይህ መሣሪያ ለምን በሰንሰለት እንዲሄድ ተደረገ? ነገሩ የመጣው ከጭቃ ነው። በአሜሪካ ካሊፎርኒያ፣ በስቶክተን ከተማ አካባቢ ያለው መሬት ልል ስለነበር የእንፋሎት ትራክተሮች ጎማ እየሰጠመ አስቸገረ። ቤንጃሚን ሆልት የተባለው የእርሻ መሣሪያ አምራች ጎማውን አውልቆ በእንጨት ጫማ የተሠራ ሰንሰለት አጠለቀለትና እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 1904 (ኅዳር 1897 ዓ.ም.) ሞከረው፤ ተሳካለት። የሆልት ኩባንያና ተፎካካሪው የቤስት ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1925 ተዋህደው ካተርፒላር የተባለውን ድርጅት መሠረቱ። ስሙ በእንግሊዝኛ አባጨጓሬ ማለት ነው።

የሰንሰለቱ ጥቅም በቀላል ሒሳብ ይታያል። ዲ2 የሚባለው ትንሹ ካተርፒላር እ.ኤ.አ. ከ1938 እስከ 1957 ተመርቷል፤ ክብደቱ ከ3 ቶን ጥቂት ይበልጣል። እያንዳንዱ ሰንሰለት 30 ሴንቲ ሜትር ስፋትና 150 ሴንቲ ሜትር ያህል መሬት የሚነካ ርዝመት ቢኖረው ሁለቱ አንድ ላይ 9,000 ካሬ ሴንቲ ሜትር ይሆናሉ። ስለዚህ በአንድ ካሬ ሴንቲ ሜትር ላይ የሚያርፈው ክብደት ግማሽ ኪሎ እንኳ አይሞላም። በሬ በኮቴው ከዚህ የበለጠ ይጫናል። በደምቢያ ዋልካ መሬት ላይ በክረምት በሬ ሲሰጥም ያየ ገበሬ ይህ ምን ማለት እንደሆነ ሌላ ማብራሪያ አያስፈልገውም።

ወደ ኢትዮጵያ የገባው ግን ከእርሻው ይልቅ በመንገድ ሥራው በኩል ጎልቶ ነው። እ.ኤ.አ. በ1950 ከዓለም ባንክ በተገኘ 5 ሚሊዮን ዶላር ብድር የመንገድ ጥገና ሲታቀድ፣ በ1943 ዓ.ም. የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን ተቋቋመ፤ ዶዘርም የመንገድ ካምፕ ዕቃ ሆነ። በሁመራ ቆላ ሰፋፊ የሰሊጥና የጥጥ እርሻ ሲስፋፋ ደግሞ ጫካ የሚመነጥር ብርቱ መሣሪያ ተፈለገ። የየካቲት 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ከታወጀ በኋላ ሰፋፊዎቹ እርሻዎች ወደ መንግሥት ዞሩ። ዛሬ ገበሬው በብዛት የሚያውቀው ባለጎማውን ነው፤ ባለጎማው አርሶ ሲያበቃ ተጎታች ስቦ ገበያ ይወጣል፣ ባለሰንሰለቱ ግን በራሱ አስፋልት ላይ መጓዝ የለበትም፣ ተጭኖ ነው የሚሄድ። ስለዚህ አንዴ ሲበላሽ ባለበት ይቀራል።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ። አሮጌ ትራክተር ሊገዛ ወይም ሊያድስ የተነሣ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሞተሩን ክዳን ከፍቶ ያያል። ዓይን የሚገባው እዚያ ነው፤ ገንዘብ የሚገባው ግን ከሥር ነው። በባለሰንሰለት መሣሪያ ላይ ከጠቅላላው የጥገና ወጪ እስከ ግማሽ የሚደርሰውን የሚበላው ሰንሰለቱ፣ ሮለሩ፣ የፊት መዘውሩና ጥርሱ ነው። ሞተር ቢነክስ እንኳ በትዕግሥት ይላቀቃል፤ ያለቀ ሰንሰለት ግን በጸሎትም አይረዝምም፣ በቀለምም አይወፍርም።

ስለሆነም መለኪያው ሜትር ነው። ሰንሰለቱ ተወጥሮ ከአንዱ ፒን መሐል እስከ አምስተኛው ፒን መሐል ያለው ርቀት ይለካል፣ ለአራት ይካፈላል፤ የተገኘው ቁጥር ከአምራቹ መመሪያ ጋር ይነጻጸራል። ልዩነቱ የፒንና የቡሹ መበላት ነው። የኋላው ጥርስ ጫፉ እንደ ማረሻ ሾሎ ከሆነ አልቋል። ሮለሩ በእጅ ሲነቀነቅ ከተንቋቋ፣ ዘይትም ከጎኑ ከፈሰሰ ውስጡ ተበልቷል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያውቀው አንድ መልካም ነገር አለ፤ ፒንና ቡሽ የሚበሉት በአንድ ጎናቸው ነው። በጊዜ ከተደረሰባቸው በፕሬስ ተገፍተው ወጥተው፣ ግማሽ ዙር ዞረው ሲገቡ ያልተበላው ጎናቸው ሥራውን ይረከባል፣ ሰንሰለቱም ሁለተኛ ዕድሜ ያገኛል። ይህ ግን በመዶሻ የሚሆን አይደለም፤ በአሥሮች ቶን የሚገፋ ፕሬስ ይጠይቃል። ሰንሰለቱ፣ ጥርሱና ሮለሩ ሦስቱም ባንድ ላይ ካለቁ ግን ለነጋዴው በኪሎ መስጠት ወይም ለሌላ መሣሪያ መለዋወጫ አድርጎ ማቆየት ይሻላል። እንዲህ ያለውን ብረት ለማንሣት መበደር «ሳይቸግር ጤፍ ብድር» ነው።

ለመፍታት ለተነሣ ሰው ከሁሉ በፊት መነገር ያለበት የሞላው ነገር ነው። በሰንሰለቱ መሐል፣ ከፊት መዘውሩ ኋላ፣ በክፈፉ ውስጥ የተቀመጠ አንድ ወፍራም ሞላ አለ። ድንጋይ ሲገጥመው መዘውሩ ትንሽ ወደ ኋላ እንዲሸሽ የሚያደርገው እርሱ ነው። ይህ ሞላ ትራክተሩ ቆሞ ዝጎ እንኳ በብዙ ሺህ ኪሎ ኃይል እንደተጨመቀ ይኖራል። የያዘውን ዳዶ እንደ ተራ ዳዶ የፈታ፣ ወይም ብሎኑን በእሳት የቆረጠ ሰው በሕይወት ላይተርፍ ይችላል፤ በዓለም ላይ ልምድ ያላቸው መካኒኮች ሳይቀሩ ሞተውበታል። ያለ ፕሬስና ያለ ጠንካራ መያዣ አይነካም፣ አበቃ። የቀረው ሁሉ ሥራ በግቢ ቢሠራ ይህ አንዱ በግቢ አይሠራም።

ሁለተኛው አደጋ ክሪክ ነው። ክሪክ ማንሻ ነው፣ ማቆሚያ አይደለም። ማራኪ ላይም ሆነ ዳባት፣ የግቢ አፈር ካፊያ ሲነካው ይለሰልሳል፤ 3 ቶን ብረት በክሪክ ጫፍ አስቀምጦ ከሥሩ መግባት ራስን መቅበር ነው። ወፍራም የባሕር ዛፍ ግንድ እየተሰቀለ በመስቀለኛ ተደርድሮ፣ ክብደቱ በግንዱ ላይ ሲያርፍ ብቻ ነው ሰው የሚገባው። ሥራውም ከጥቅምት እስከ ግንቦት ባለው ደረቅ ወቅት ቢሆን ይመረጣል።

አፈታቱን በተመለከተ «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» የተባለው ለዚህ ሥራ የተነገረ ይመስላል። እያንዳንዱ ክፍል ከመፈታቱ በፊት በስልክ ፎቶ ይነሣል፤ ብሎኑ ከነዳዶውና ከነሮንዴላው በየጣሳው ይገባል፣ ጣሳው ላይ ከየት እንደወጣ ይጻፋል። የድሮ የአሜሪካ መሣሪያ ብሎን የሚለካው በኢንች ነው። በሚሊ ሜትር ቁልፍ «ይቀራረባል» ብሎ መፍታት ጭንቅላቱን ማክበብ ነው፤ ከዚያ በኋላ ቶርኖ ቤት መመላለስ ይመጣል። (ጣሊያን ሊማሊሞን ሰንጥቆ መንገድ ሲሠራ ይዞት የመጣው መሣሪያ አልቋል፤ ዳዶ፣ ሞላ፣ ካቻቢቴ፣ ካምቢዮ የሚሉት ቃላቱ ግን ዛሬም በየጋራዡ እንደ አገር ልጅ ይኖራሉ።)

ሞተሩ የሚነክሰው ብዙውን ጊዜ ክፍት በቀረ የጭስ ማውጫ ዝናብ ስለሚገባ ነው። በየሲሊንደሩ ናፍጣና ቀጭን ዘይት ቀላቅሎ አፍስሶ ሳምንታት መጠበቅ፣ ከዚያ በበራሪ ጎማው ላይ በብረት ዘንግ ቀስ እያሉ ወዲህና ወዲያ መሞከር ነው መድኃኒቱ። በሌላ ትራክተር አስጎትቶ ማስለቀቅ ዘንጉን ያጎብጣል፣ ሲከፋም ብሎኩን ይሰብራል። አሮጌዎቹ የካተርፒላር ናፍጣ ሞተሮች በጎናቸው ትንሽ ባለሁለት ሲሊንደር የቤንዚን ሞተር አላቸው፤ ትልቁን የምታስነሣው እርሷ ናት፣ ማቀዝቀዣ ውኃውንም ከትልቁ ጋር ስለምትጋራ ቀድማ ታሞቀዋለች። በደባርቅ ብርድ ይህ ትልቅ ነገር ነው። እርሷን ንቆ ባትሪና ስታርተር ለመግጠም መሞከር ገንዘብ ማባከን ነው፤ ትንሿ ብትታደስ ይበቃል።

ዝገት ለማውጣት ደግሞ ገበሬው ለከብት የሚገዛው ሞላሰስ ያገለግላል። አንድ እጅ ሞላሰስ ከዘጠኝ እጅ ውኃ ጋር በበርሜል ተቀላቅሎ ብረቱ ለሁለትና ለሦስት ሳምንት ቢነከር ዝገቱ ብቻ ይለቃል፣ ብረቱ ይቀራል። ሽታው ጎረቤት ያስቀይማል እንጂ ርካሽ ነው። አሉሚኒየም ግን አይግባበት፣ ይበላዋል።

ስለ መሪው ፍሪሲዮን አንድ ነገር ሳይባል አይታለፍም። ባለሰንሰለት ትራክተር የሚዞረው የአንዱን ጎን ኃይል በመቁረጥ ስለሆነ በግራና በቀኝ የየራሱ ፍሪሲዮን አለው። ለዓመታት ሲቆም ሸክላዎቹ በዝገት ይጣበቃሉ። የድሮው ሸክላና የፍሬን ልባስ አስቤስቶስ አለበት፤ አቧራው ሳንባ ውስጥ ገብቶ ከዓመታት በኋላ ካንሰር ያመጣል። በኮምፕሬሰር አይነፋም፣ በደረቁም አይፋቅም፤ በውኃ ረጥቦ ይጠረግና ጨርቁ በፌስታል ታስሮ ይቀበራል። ልጆች በዚያን ቀን ከግቢው ይራቁ።

የመጨረሻው ነጥብ የአገሩ ከፍታ ነው። ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ ከ2,100 ሜትር በላይ ናት፤ አየሩ በባሕር ዳርቻ ካለው በአምስት አንድ እጅ ያህል ይሳሳል። ቱርቦ የሌለው አሮጌ ሞተር በዚያው መጠን ጉልበቱ ይቀንሳል፤ ናፍጣው ካልተመጠነም ጥቁር ጭስ ይተፋል። ማራኪ ላይ ጭሱን አይቶ ሞተሩ አልታደሰም ብሎ እንደገና የሚፈታ ሰው በከንቱ ይደክማል። ውኃም እዚህ በ93 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል፤ ስለዚህ የራዲያተሩ ክዳንና ቱቦ ደኅና ካልሆኑ ቶሎ ይገነፍላል። ያው ሞተር ወደ 700 ሜትር ከፍታ ወዳለችው መተማ ሲወርድ ጉልበቱ ይመለሳል፤ ሙቀቱ ግን ይጨምራልና የራዲያተሩ መንፊያ ከመውረዱ በፊት ተፈትቶ መጽዳት አለበት።

ከዚህ ሁሉ ውስጥ ለአንድ ገበሬ የማይቻለው ፕሬሱ ነው። አንድ ሰው ለአንድ ሰንሰለት ፕሬስ አይገዛም፤ ብዙ ማኅበራት ያሉት ዩኒየን ግን አንድ ፕሬስና አንድ የመመሪያ መጽሐፍ መደርደሪያ ቢኖረው የፒን ማዞሩ ሥራ ለአባላት በተመጣጣኝ ዋጋ ይሠራል፣ ያ የሞላ አደጋም ከየግቢው ወጥቶ ባለሙያ እጅ ይገባል። የወረዳ ኃላፊዎችም የቴክኒክና ሙያ ሠልጣኞችን ለልምምድ ወደዚያ ቢልኩ ልጆቹ በሥዕል የተማሩትን በእጃቸው ያዩታል።

ቀለም የሚቀባው በመጨረሻ ነው። ትራክተሩ ሳይቀባ መጀመሪያ አሥር ሰዓት ያህል በቀላል ሥራ ይሠራ፤ ከዚያ የሞተር ዘይቱ በትኩሱ ይውረድና በነጭ ጨርቅ ይጠለል። የብረት ብናኝ ከታየ እንደገና ይከፈታል፤ ካልታየ ሰንሰለቱ እንደገና ይወጠራል፣ ብሎኖቹም አንድ በአንድ ይጠብቃሉ።