ሥልጣን በሕግ ፊት



አባቶቻችን «በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ፣ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ» ይላሉ። በቅሎን የሚያህል ንብረት ተከራክሮ የተረታ ሰው ይጽናናል፤ አንዲት ጭብጦ ግን ሳይጠየቅና ሳይሰማ የተወሰደችበት ሰው ቂሙ አይወጣለትም። ዛሬ ልናገርበት ያሰብሁት ጉዳይ ከዚሁ የተያያዘ ነው፤ ይኸውም የመሥሪያ ቤት ወይም የአሠሪ ውሳኔ የጐዳው ሰው ወደ ፍርድ ቤት የሚሄድበት መንገድ ነው።

«ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» የሚለው ብሂል እንደሚያስረዳው፣ በቀድሞው ዘመን የሥልጣን ቁንጮ ከክስ በላይ ነበረ። በ1948 ዓ. ም. ተሻሽሎ የወጣው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 62 ይህንኑ ልማድ አጽንቶ ንጉሠ ነገሥቱን መክሰስን ቢከለክልም፣ መንግሥት ወይም ሚኒስቴርና መሥሪያ ቤት ከሕግ ውጭ በሆነ ሥራ ከፍ ያለ ጉዳት ያደረሰበት ነዋሪ በፍርድ ቤት ሊከሳቸው እንዲችል ፈቅዶ ነበር። እንግዲህ መሥሪያ ቤትን መክሰስ ከሰሞኑ የመጣ እንግዳ ነገር አይደለም። በ1987 ዓ. ም. የወጣው ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 37፣ ማንኛውም ሰው በፍርድ ሊወሰን የሚገባውን ጉዳይ ለፍርድ ቤት የማቅረብ መብት እንዳለው ደንግጓል።

የዚህን መብት አካሄድ ለፌዴራል መሥሪያ ቤቶች በዝርዝር የወሰነው የአስተዳደር ሥነ ሥርዐት ዐዋጅ ቁጥር 1183/2012 ነው። ባለጉዳዩ በመጀመሪያ ቅሬታውን ለዚያው መሥሪያ ቤት ያቀርባል፤ በዚያ ያልረካ እንደ ሆነ ለፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት አቤት ይላል። ዳኛው በሹሙ ወንበር ተቀምጦ ሥራውን ሊሠራለት አይፈልግም። የሚጠይቀው «ይህ ሥልጣን በሕግ ተሰጥቶአችኋልን? ባለጉዳዩን ሰምታችኋልን? ምክንያታችሁን ጽፋችኋልን?» ብሎ ነው።

እስቲ ከየዕለቱ ሥራችን ምሳሌ እንውሰድ። አንድ ባለጉዳይ የፈቃድ ማመልከቻ ያቀርባል። ሹሙም በማመልከቻው ጠርዝ ላይ «አልተፈቀደም» ብሎ ይፈርምበታል። ምናልባት ለመከልከሉ በቂ ምክንያት ነበረው፤ ነገር ግን በልቡ ያዘው እንጂ በመዝገቡ ላይ አላኖረውም። ወራት አልፈው ነገሩ ከዳኛ ፊት ሲደርስ ሹሙ ወደ ሌላ ቦታ ተዛውሯል፤ የሚመሰክረው መዝገቡ ብቻ ነው፤ መዝገቡም ከዚያች ከአንዲት ቃል በቀር ዲዳ ነው። በዚህ ጊዜ ትክክለኛው ውሳኔ እንኳ ሊፈርስ ይችላል። ሁለት መስመር ምክንያት መጻፍ ግን አምስት ደቂቃ ባልፈጀም ነበር።

ሌላም ልንዘነጋው የማይገባ ነገር አለ። በ1952 ዓ. ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ከቁጥር 2126 ጀምሮ፣ የመንግሥት ሠራተኛ በጥፋቱ ያደረሰውን ጉዳት እንዲክስ ያዛል። በቅን ልቡና፣ በሥልጣኑ ክልል ውስጥ ሆኖ ለመንግሥት ጥቅም የሚሠራ መስሎት የፈጸመው ጥፋት የሥራ ጥፋት ስለ ሆነ፣ ተጐጂው ካሣውን ከመንግሥት ሊጠይቅ ይችላል፤ መንግሥትም በኋላ ወደ ሠራተኛው ሊመለስ ይችላል። በቂም ወይም ለግል ጥቅም የተሠራው ግን የግል ጥፋት ነውና መንግሥት አይጠየቅበትም፤ ዕዳው የፈራሚው ነው።

አሠሪም ከዚህ መለኪያ አያመልጥም። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ ዐዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት፣ ከሕግ ውጭ የተሰናበተ ሠራተኛ ወደ ሥራው እንዲመለስ ወይም ካሣ እንዲከፈለው ሊከስ ይችላል። ወደ ሥራ የመመለሱን ጥያቄ ግን ከተሰናበተበት ቀን አንሥቶ በሦስት ወር ውስጥ ካላቀረበ በይርጋ ይቀርበታል። ስንቱ ሰው አማላጅ ሲልክ፣ ደጅ ሲጠናና ነገ ና ሲባል ይህን ጊዜ ያሳልፈዋል! ሽምግልና መልካም ነው፤ ነገር ግን ቀን እየቈጠሩ ይሁን።

ውድ አድማጮች፤ አንዳንድ ሹም የክስ መጥሪያ ሲደርሰው እንደ ስድብ ይቈጥረዋል፤ ከሳሹንም በሌላ ጉዳይ ሊበቀለው ይመኛል። ይህ ታላቅ ስሕተት ነው። እኛ በመንገድ የሚጣላ ሰው እንኳ «በሕግ አምላክ» ሲባል ባለበት ይቆም የነበረ ሕዝብ ልጆች ነን። ወደ ፍርድ ቤት የሄደ ሰው በሕግ መታመኑን አሳየ፤ የሚያስፈራውስ ተስፋ ቈርጦ ዝም ያለው ነው። ዛሬ በወንበር ላይ የተቀመጥነውም ነገ ባለጉዳዮች ነንና፣ ከመፈረማችን በፊት እንስማ፤ ምክንያታችንንም እንጻፍ። ያን ጊዜ ባለጉዳዩ በቅሎዪቱ ብትቀርበት እንኳ፣ በፍርድ እንደ ሄደች ያውቃል።