የምክር ቤት ወንበር አማና ነው
(በመቐለ ለመድረሳ ተማሪዎች ወላጆችና ለወጣቶች የተደረገ ንግግር)

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም። ምስጋና ለዓለማቱ ጌታ ለአላህ (ሱ.ወ) የተገባ ነው። ሶላትና ሰላም በነብያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይሁን። 

ዛሬ የምንነጋገረው ስለ ከተማ ምክር ቤት ነው። ከመድረሳ ሰዎች አፍ ይህን መስማት ለአንዳንዶቻችሁ እንግዳ ሊሆን ይችላል። ነገር ግን የልጃችን ትምህርት ቤት፣ የምንጠጣው ውሃ፣ የሱቃችን ንግድ ፈቃድ፣ የመስጂድና የመቃብር ቦታ ጉዳይ አብዛኛውን ጊዜ የሚጀመረውም የሚያልቀውም በቀበሌ፣ በክፍለ ከተማና በማዘጋጃ ቤት ነው። ከሓወልቲ እስከ ኵሓ፣ ከኣይደር እስከ ዓዲ ሓቂ ያለን ነዋሪዎች መንግሥትን የምናውቀው በእነዚህ ቢሮዎች በኩል ነው።

የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 27 የሃይማኖት ነፃነትን ያረጋግጣል፤ አማኞች የሃይማኖት ትምህርትና አስተዳደር ተቋማት ማቋቋም እንደሚችሉም ይደነግጋል። አንቀጽ 50 ደግሞ ሕዝቡ በቀጥታ እንዲሳተፍ ለዝቅተኛ የአስተዳደር እርከኖች በቂ ሥልጣን ይሰጣቸው ይላል። አንቀጽ 12 እንደሚለው ሕዝብ በመረጠው ተወካይ ላይ እምነት ካጣ ከቦታው ሊያነሳው ይችላል። ስለዚህ ተመራጩ ባለአደራችን ነው። በዲናችን አደራ አማና ነው፤ አማና የተቀበለ ሰው በዱንያም በአኺራም ይጠየቅበታል።

እስኪ ለአፍታ ራሳችንን በተመራጩ ወንበር ላይ አስቀምጠን ከተማችንን እንያት። ከፊቱ የተከመረው ችግር ቀላል አይደለም። ከጥቅምት 2013 ጀምሮ ሁለት ዓመት በቆየው ጦርነት ከቀያቸው የተፈናቀሉ ወገኖቻችን ትምህርት ቤቶች ውስጥ ሲጠለሉ አይተናል። ውሃ በቧንቧ ሳይሆን በቦቴና በጋሪ የሚጠበቅበት ሰፈር ብዙ ነው። ወጣቱ ሥራ የለውም፤ ካዝናውም አይሞላም። ይህን ሁሉ እናውቃለን፤ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም የሚጋራው መከራ ስለሆነ አብረን እንሸከመዋለን።

ሌላም የምናውቀው አለ። በአገር አቀፍ ደረጃ የወረዳና የከተማ ምክር ቤቶች ምርጫ የተካሄደው በ2005 ነበር። ሕዝብ ፊት ለረጅም ጊዜ ያልቀረበ ተመራጭ ዓይኑን የሚጥለው ድርጅቱ ላይ ይሆናል። በ2017 በመቐለ ከንቲባነት ላይ የተነሳውን ውዝግብ ሁላችንም አይተናል። ወገኖች ወንበሩ የማን ነው ሲባባሉ ነዋሪው ከዚያ ወንበር ምን እንደሚጠብቅ የጠየቀው አልነበረም።

ከዚህ ወንበር ላይ አብዛኛውን ጊዜ ሁለት መልስ ይሰማል። የመጀመሪያው «የሃይማኖት ጉዳይ እኛን አይመለከተንም፤ መንግሥትና ሃይማኖት የተለያዩ ናቸው» የሚል ነው። አዎ፣ አንቀጽ 11 እንዲህ ይላል፤ እኛም እንቀበለዋለን። እንዲያውም ከማንም በላይ ይህ አንቀጽ ይከበር ብለን የጮኽን እኛ ነን። በ2004 ከአወሊያ የተነሳው ሰላማዊ ንቅናቄ ከጠየቃቸው ጥያቄዎች አንዱ የመጅሊስ ምርጫ በመስጂድ ይካሄድ የሚል ነበር። መልሱ ምን ሆነ? መስከረም 27 ቀን 2005 ምርጫው በቀበሌ ተካሄደ። ኮሚቴዎቻችን ታሰሩ፤ በ2007 ከ7 እስከ 22 ዓመት እስራት ተፈረደባቸው። የሃይማኖት መሪ ለማስመረጥ በሩን የከፈተ ቀበሌ፣ የሙስሊም ልጅ ከትምህርት ገበታ ስትባረር «አይመለከተኝም» ሊል አይችልም። የምንጠይቀው ምክር ቤቱ እንዲሰብክልን አይደለም፤ ዜጋን በእኩል ዓይን እንዲያይ ነው።

የአክሱምን ጉዳይ እናስታውስ። አክሱም የራሷ አስተዳደር ያላት ከተማ ናት፤ የመቐለ ምክር ቤት አያዛትም። ትምህርቱ ግን ለሁላችንም ነው። በ2017 እዚያ ባሉ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች እህቶቻችን ሒጃባቸውን ካላወለቁ አትገቡም ተባሉ። የትግራይ እስልምና ጉዳዮች ጠቅላይ ምክር ቤት እንዳስታወቀው 159 ተማሪዎች ከትምህርታቸው ተስተጓጎሉ፤ የአገር አቀፍ ፈተና ምዝገባ ጊዜም እያለፈባቸው ነበር። የአገሪቱ ሕገ መንግሥት አልተቀየረም፤ መብቱ የታገደው ትምህርት ቤት በር ላይ ነው። ጥር 13 ቀን 2017 እዚህ መቐለ አደባባይ ወጥተን ድምፃችንን በሰላም አሰማን። በዚያው ወር የአክሱም ፍርድ ቤት እገዳው እንዲቆም ትእዛዝ ሰጠ። አልሐምዱሊላህ! ሆኖም ይህ ሁሉ ከመድረሱ በፊት አንድ የከተማ ተመራጭ ተነስቶ «እነዚህ ልጆች የማን ናቸው?» ብሎ ቢጠይቅ ኖሮ፣ ያቺ ልጅ በፈተና ዋዜማ የፍርድ ቤት ቀጠሮ ባልጠበቀች ነበር።

ሁለተኛው መልስ «ጉዳዩ አልደረሰንም» የሚል ነው። ይህንን መልስ ከተመራጩ አፍ የሚያወጣው የእኛ ሥራ ነው። ነጃሺን አስቡት። የቁረይሽ መልእክተኞች ስጦታ ተሸክመው፣ ስደተኞቹን አሳልፈህ ስጠን ብለው መጡ። ነጃሺ አንዱን ወገን ሰምቶ አልፈረደም፤ ስደተኞቹን አስጠራ። እነሱም ሁሉም በአንዴ አልተንጫጩም፤ ጃዕፈር ኢብን አቢ ጣሊብ (ረ.ዐ) ቃል አቀባያቸው ሆኖ ጉዳዩን በሥርዓት አስረዳ። ንጉሡ ሰማ፣ ፈረደ፣ ስጦታውንም መለሰ። ከእኛ ጥቂት ርቀት ላይ ያለችው ነጋሽ ይህን ታሪክ ትመሰክራለች። ከባለሥልጣን የነጃሺን ጆሮ እንጠብቃለን፤ ከራሳችን ደግሞ የጃዕፈርን ዝግጅት።

ስለዚህ ወንድሞችና እህቶች፣ ከዛሬ ጀምሮ እነዚህን ነገሮች እንያዝ። የቀበሌያችንን ተመራጭ በስም እንወቅ። አቤቱታችንን በጽሑፍ እናቅርብ፤ ቀንና ፊርማ ይኑረው፤ መዝገብ ቤት ገቢ ሆኖ ቁጥር ይሰጠው፤ ቅጂው እኛ ዘንድ ይቀመጥ። በሕዝብ ውይይት ቀን እናቶቻችንን ይዘን እንገኝ። ስለ ውሃና ስለ መንገድ ሲነሳ ከክርስቲያን ጎረቤቶቻችን ጎን ቆመን እንናገር። ሰልፍ የሚያስፈልግበት ቀን ሲመጣም በአዋጅ ቁጥር 3/1983 መሠረት ከ48 ሰዓት በፊት በጽሑፍ እናሳውቅ። ሕጉ የሚጠይቀን ማሳወቅን ነው፤ ዲሲፕሊናችንን ደግሞ ማንም ሳይጠይቀን እንጠብቃለን።

አባቶቻችን ሚያዝያ 12 ቀን 1966 አዲስ አበባ ላይ የእኩልነት ጥያቄ ይዘው ሲወጡ ክርስቲያን ወገኖቻቸው አብረዋቸው ተሰልፈው ነበር። በዓሎቻችን ብሔራዊ በዓል የሆኑት ከዚያ በኋላ ነው። እነሱ የጠየቁት ዜግነታቸውን ነበር፤ እኛም ዛሬ በከተማችን ምክር ቤት ፊት የምንጠይቀው ያንኑ ነው።

አላህ (ሱ.ወ) አማናን ለሚጠብቁ መሪዎች ያብቃን። ልጆቻችንን በዲናቸውም በትምህርታቸውም ያጽናልን፤ ለከተማችንና ለአገራችን ሰላም ያውርድልን። አሚን!

ወስሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ።