ወተቱ ከየት መጣ?

 

ውድ ተመራቂዎች፣ ብዙዎቻችሁ በነርስነትና በፋርማሲ ስለተመረቃችሁ፣ አንዲት ልጅ አስቡልኝ። አላገባችም፣ አልወለደችም። ስኪዞፍሬኒያ ይዟት ሌላው የማይሰማውን ድምፅ ትሰማ ነበር። ሪስፔሪዶን የተባለ መድኃኒት ጀመረች፤ ድምፁ ጋብ አለላት፣ እንቅልፏም ተመለሰ። ከወራት በኋላ ግን የወር አበባዋ ቀረ። አንድ ቀን ጠዋት ሸሚዟ በጡቷ በኩል ርሶ አገኘችው። እናቷ አይተው ዝም አሉ፤ ዘመድ አርግዛለች ብሎ አማ። ልጅቷ አፍራ፣ ለማንም ሳትተነፍስ መድኃኒቱን ተወችው። ሕመሙም አገረሸባት።

ከአንጎል ሥር ያለችው ፒቱታሪ የተባለች ትንሽ ዕጢ ፕሮላክቲንን ታመነጫለች፤ ጡት ወተት እንዲሰጥ የሚያደርገው ይህ ሆርሞን ነው። የዚህን ሆርሞን ልጓም የያዘው ዶፓሚን የተባለ የአንጎል ኬሚካል ነው። መድኃኒቱ የዶፓሚንን ተቀባዮች ሲዘጋ ድምፁን ያበርዳል፤ እግረ መንገዱን ግን ፕሮላክቲኑን ይለቀዋል።

በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ስኪዞፍሬኒያ ከዶፓሚን ጋር ይያያዝ እንደሆነ ለማወቅ የፈለጉ ተመራማሪዎች በሕያው ሰው አንጎል ውስጥ ዶፓሚንን ማየት ስላልቻሉ ወደ ደም ዞሩ። እንደ ዶፓሚን የሚሠራ አፖሞርፊን ለታካሚዎች እየሰጡ፣ የዕድገት ሆርሞን ምን ያህል እንደሚጨምር ይለኩ ነበር። ውጤቱ አልሰመረም፤ ከታካሚ ታካሚ ተለያየ፣ ቀድሞ የተወሰደ መድኃኒትም ያዛባው ነበር። ፕሮላክቲንን የሚገታው የዶፓሚን መስመርም ከድምፁ ጋር ከተያያዘው መስመር የተለየ ነው። ስለዚህ ሆርሞን ለክቶ ስኪዞፍሬኒያ ነው ማለት አይቻልም። ሆርሞኑ ግን መድኃኒቱ ሰውነት ውስጥ ምን እየሠራ እንደሆነ ይናገራል፤ ይህን ቀላል አድርጌ አላየውም።

ከ1998 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ኢትዮጵያውያን ባለሙያዎች የአእምሮ ሕመምን ለማጥናት ኢትዮጵያ ውስጥ በቡታጅራ ቤት ለቤት ዞረው ከ68 ሺህ በላይ ሰዎችን አነጋግረው ነበር። ስኪዞፍሬኒያ ከተገኘባቸው አብዛኞቹ ሕክምና አግኝተው አያውቁም። እዚያ የጎደለው መድኃኒቱ ነበር። እዚህ ኤል ሴሪቶ ግን መድኃኒቱ አለ፤ ለልጅቷ የጎደላት ጠያቂ ነው።

እንዲህ ያለች ልጅ ከእናቷ ጋር ስትመጣላችሁ እናቷን በአክብሮት ውጭ እንዲጠብቁ ለምኗቸው። ከዚያ በአማርኛ፣ ሳታፍሩ፣ «የወር አበባሽ በጊዜው ይመጣል? ከጡትሽ የሚወጣ ፈሳሽ አለ?» በሏት። አዎ ካለች የእርግዝና ምርመራ ይደረግላት፣ ፕሮላክቲኗም ይለካ። ሐኪሟ መጠኑን ሊቀንስላት፣ ወይም እንደ አሪፒፕራዞል ፕሮላክቲንን ወደማይጨምር መድኃኒት ሊያዛውራት ይችላል፤ በራሷ ግን እንዳታቆም ንገሯት። ከፈቀደችላችሁም እናቷን አስገቡና ወተቱ ከየት እንደመጣ አስረዷቸው።