ምልክቱና ፕሮግራሙ
(በመጨረሻው ክፍል ተማሪዎች ስም በትምህርት ቤታችን በዓል ላይ የተደረገ ንግግር)



ዛሬ የምንናገረው በኮምፒዩተር ገጽ ላይ ስለሚደረደሩት ሾርትከቶች ነው።

ሾርትከት ማለት አቋራጭ መንገድ ማለት ነው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1995 ዓ.ም. ከወጣው ከዊንዶውስ 95 ጀምሮ በዴስክቶፕ ላይ የምናየው፥ በግርጌው ትንሽ ቀስት ያለበት ምልክት እርሱ ነው። ምልክቱ ፕሮግራሙ ያለበትን ስፍራ ያመለክታል እንጂ ራሱ ፕሮግራሙ አይደለም።

ከዚህም ሁለት ነገር እንረዳለን። አንደኛ፥ ሾርትከቱ ቢሰረዝ ፕሮግራሙ አይጠፋምና የማንሠራበትን ለማንሣት አንፍራ። ሁለተኛ፥ ወደ ጽሑፉ የሚያመለክተውን ሾርትከት ብቻ በፍላሽ ገልብጦ የሚሄድ ተማሪ፥ የደከመበትን ሥራ ጥሎ ሄደ ማለት ነው። በሌላ ኮምፒዩተር ሊከፍተው ቢሞክር ባዶ እጁን ይቀራል።

አደራደሩስ እንዴት ይሁን? በየቀኑ የምንሠራባቸውን አራት ወይም አምስት ሾርትከቶች ብቻ በፊት እናኑር። የቀሩትን የጽሕፈቱን ከጽሕፈት፥ የሒሳቡን ከሒሳብ፥ የሥዕሉን ከሥዕል ጋር በየፎልደሩ እናግባ፤ በፎልደሩም ላይ ስሙን በአማርኛ እንጻፍበት። ሾርትከቱን ወደዚህም ወደዚያም ብናዛውረው ጉዳት የለውም፤ ፕሮግራሙን ራሱን ከስፍራው ብናነሣው ግን መንገዱ ሊቋረጥ ይችላል።

በትምህርት ቤት በአንድ ኮምፒዩተር ብዙዎች ይሠራሉ። አንዱ ያዘበራረቀውን ሌላው ሲፈልግ የትምህርቱ ሰዓት ያልቃል። እንግዲህ ገጹን ማስተካከል ጓደኛን መርዳት ነውና፥ እኛ ዘንድሮ ተሰናባቾቹ ለታናናሾቻችን የተስተካከለ ገጽ ትተን እንሂድ።