የስኳር ሕመምና ክብደትን የመቀነስ ትግል በጅቡቲ ከተማ



የስኳር ሕመም እንዳለበት ለመጀመሪያ ጊዜ የተነገረው ሰው ከሐኪም ቤት ሲወጣ ሁለት ነገር ይዞ ይወጣል። አንደኛው የመድኃኒት ማዘዣ ነው፤ ሁለተኛው «ክብደት ቀንስ» የሚል ምክር ነው። ማዘዣው ወደ መድኃኒት ቤት ይወስደዋል፤ እዚያም ገንዘቡን ከፍሎ መድኃኒቱን ይቀበላል። ምክሩ ግን የሚሸጥበት ሱቅ የለውም። ከዚያች ቀን ጀምሮ በገዛ ቤቱ፣ በገበታው፣ በወዳጆቹ መካከልና በራሱ ሰውነት ውስጥ ትግል ይጀመራል። የዚህ ንግግር ዓላማ ይህ ትግል ስለምን ከባድ እንደ ሆነና እንዴት ሊቀልል እንደሚችል፣ በመጨረሻም የመምህር ድርሻ በዚህ ነገር ምን እንደ ሆነ ማስረዳት ነው። የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አስቀድሞ ስለ ሕመሙ ጥቂት መግለጽ ያስፈልጋል። ሰው የሚበላው እንጀራ፣ ዳቦና ሩዝ በሆድ ውስጥ ተፈጭቶ ስኳር ይሆንና በደም አማካይነት ወደ መላው ሰውነት ይዳረሳል። ስኳሩ ከደም ወጥቶ ወደ ጡንቻና ወደ ሌላው የሰውነት ክፍል እንዲገባ በር የሚከፍትለት ከቆሽት የሚመነጨው ኢንሱሊን ነው። ፍሬድሪክ ባንቲንግና ቻርልስ ቤስት በ1921 በካናዳ አገር፣ በቶሮንቶ ከተማ፣ ኢንሱሊንን ለይተው እስካወጡ ድረስ ቆሽታቸው ኢንሱሊን ማመንጨት ያቆመባቸውን ልጆች ከሞት የሚያድን መድኃኒት አልነበረም። በጐልማሶች ላይ በብዛት የሚታየው ሁለተኛው ዐይነት የስኳር ሕመም ግን ከዚህ ይለያል። በዚህኛው ሕመም ኢንሱሊን አለ፤ ነገር ግን ሰውነት እንደ ቀድሞው አይታዘዝለትም፤ ቆሽትም ጉድለቱን ለመሙላት ሲጥር እየደከመ ይሄዳል። በሆድ ዙሪያ፣ በጉበትና በቆሽት ውስጥ የሚጠራቀም ስብ ለዚህ ነገር ትልቅ ምክንያት ነው። ስለዚህ ሐኪሙ «ክብደት ቀንስ» ማለቱ ስለ መልክ ማማር ሳይሆን ይህ ስብ እንዲወርድ ነው። ስኳሩ ለብዙ ዓመታት ከልክ በላይ ከሆነ ዐይንን፣ ኩላሊትን፣ ልብንና እግርን ይጐዳል።

የዓለም የስኳር ሕመም ፌዴሬሽን እንደ ገመተው በ2024 ከሕመሙ ጋራ የሚኖሩት ጐልማሶች 589 ሚሊዮን ነበሩ። ከእነዚህም ከአምስቱ አራቱ ያህል የሚኖሩት ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች ነው። እንግዲህ ሕመሙ የባለጠጎች ብቻ ነው የሚባለው የቆየ አነጋገር ከእውነት የራቀ ሆኗል።

ነገሩ በገሃድ እንዲታይ የጅቡቲን ከተማ መመልከት ይጠቅማል። የምድር ባቡሩ ሐዲድ ከዚህች ወደብ ተነሥቶ በ1902 ድሬዳዋ፣ በ1917 ደግሞ አዲስ አበባ ከደረሰበት ዘመን ጀምሮ ኢትዮጵያውያን ሲኖሩባት ቆይተዋል። ዛሬም በወደብ ሥራ፣ በዕቃ ማስተላለፍ፣ በንግድ፣ በከባድ መኪና ነጂነትና በቤት ሠራተኛነት የሚተዳደሩባት ብዙዎች ናቸው። እንግዲህ ለምሳሌ ያህል በዚህች ከተማ በዕቃ ማስተላለፊያ ቢሮ ተቀምጦ የሚሠራ፣ ዕድሜው 45 ዓመት፣ ክብደቱ 96 ኪሎ የሆነ፣ ሕመሙም በዚህ ሳምንት የተነገረው አንድ ኢትዮጵያዊ ይታሰብ።

ይህ ሰው ጧት ሲነሣ ፈረንሳዮች ለከተማይቱ ያወረሷት ረጅሙ ዳቦና ጣፋጭ ሻይ ይቆየዋል። ቀትር ላይ ሩዝ በሥጋ፣ ወይም የመን ሰዎች ሰንጥቀው በምድጃ የሚጠብሱት ዓሣ ከሰፊ ቂጣ ጋራ ይቀርብለታል። ዓሣው መልካም ምግብ ነው፤ ነገር ግን አብሮት የሚበላው ቂጣ በዓይን ሳይመዘን ያልቃል። ከቀትር በኋላ ከኢትዮጵያ ተጭኖ በየቀኑ የሚገባው ጫት ይታደላል። የጫት ቅጠል ረኃብን ስለሚያስታግሥ ያከሳል የሚሉ አሉ። ይሁን እንጂ መራራውን ለማጣፈጥ ሻይና ለስላሳ መጠጥ አብሮ ይወርዳል፤ ለረጅም ሰዓት ተቀምጦ መዋል ይመጣል፤ እንቅልፍም ይሸሻል። በማግሥቱም ያልተኛ ሰውነት ከወትሮው ይልቅ ምግብ ይፈልጋል።

በቁጥር ቢታይ ነገሩ ይበልጥ ይገለጣል። በአንድ ብርጭቆ ሻይ ሦስት የሻይ ማንኪያ ስኳር ቢገባ 12 ግራም ያህል ነው፤ በቀን ስድስት ብርጭቆ የሚጠጣ ሰው 72 ግራም ስኳር ጠጣ ማለት ነው። አንድ ቆርቆሮ ለስላሳ መጠጥ ሲጨመርበት 35 ግራም ያህል ይታከላል፤ ድምሩም 107 ግራም ይሆናል። የዓለም የጤና ድርጅት በ2015 ባወጣው መመሪያ በቀን 2000 ካሎሪ ለሚመገብ ሰው የሚጨመር ስኳር ከ50 ግራም እንዳይበልጥ፣ ቢቻል ደግሞ ከ25 ግራም በታች እንዲሆን መክሯል። ከዚህም ጋራ በጅቡቲ በብዙ ቤት ሻይ የሚፈላው ከነስኳሩ ነው። ብርጭቆው ለእንግዳው ሲቀርብለት ምርጫው አስቀድሞ በማንቆርቆሪያው ውስጥ ተፈጽሟል።

የአየሩም ጠባይ አያግዝም። ከግንቦት እስከ መስከረም ባለው ወራት ሙቀቱ ብዙ ጊዜ ከ40 ዲግሪ በላይ ይደርሳል፤ ከበረሃ የሚነሣው ደረቅ ነፋስም ይጨመርበታል። በዚህ ጊዜ በቀትር የሚሄድ ሰው ለጤናው የሚደክም ሳይሆን ጤናውን አደጋ ላይ የሚጥል ነው። ላብ የሚያጐድለውም ክብደት ውሃ እንጂ ስብ ስላልሆነ ውሃ ሲጠጣ ወዲያው ይመለሳል።

ከውጭ ካለው መሰናክል ይልቅ የበረታው ግን የሰውነት የራሱ መከላከያ ነው። በ1944ና በ1945 በአሜሪካ አገር፣ በሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ፣ አንሴል ኪስ የተባለ ሊቅ 36 ፈቃደኛ ወጣቶች ለስድስት ወር በጣም አነስተኛ ምግብ እንዲበሉ አድርጎ ነበር። ወጣቶቹ ከክብደታቸው አንድ አራተኛ ያህል ቀነሱ፤ ነገር ግን ሐሳባቸው ሁሉ በምግብ ተያዘ፤ ሰውነታቸው በረደ፤ ኀይላቸውም ደከመ። ሰውነት መክሳትን እንደ ረኃብ ዘመን ይቈጥረዋልና የሚያቃጥለውን ነዳጅ ይቀንሳል፤ የረኃብንም ስሜት ያበረታል። በዚህም ላይ ኢንሱሊንና እንደ ግሊቤንክላሚድ ያሉ አንዳንድ የስኳር መድኃኒቶች ክብደት ይጨምራሉ። ስለዚህ ያ ሰው በመጀመሪያው ወር ሦስት ኪሎ ቀንሶ በሦስተኛው ወር ሚዛኑ አልንቀሳቀስ ቢለው፣ «ሰነፍ ነህ፤ ሆዳም ነህ» ብሎ መፍረድ ነገሩን አለማወቅ ነው።

ከሁሉ የሚረቀው መሰናክል ደግሞ ከፍቅር የሚመጣው ነው። በአገራችን ልማድ ምግብ መጋበዝ መውደድን መግለጫ ነው። ሰውየው እጁን ሲሰበስብ ባለቤቱ «በሞቴ፣ ይችን ብቻ» ትለዋለች፤ እኅቱ ጉርሻ ታቀርባለች፤ እምቢ ቢል እንደ ንቀት ይቈጠርበታል። ጥቂት በቀነሰ ጊዜም የሥራ ባልደረቦቹ «ምነው ጋሼ፣ ከሱ! አሞዎት ነበር ወይ?» ይሉታል። በእኛ ዘንድ መወፈር የደኅንነት፣ መክሳት የችግርና የበሽታ ምልክት ሆኖ ስለ ኖረ ለጤናው ሲል የሚከሳው ሰው ታመመ ተብሎ ይታዘንለታል። እሱም ጥያቄውን ለመሸሽ ሕመሙን ይደብቃል፤ ለመደበቅም ሲል ከሌላው እኩል ይበላል። በሚዛኑ ስላፈረም የሐኪም ቀጠሮውን ይተዋል። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» የሚለው አባባል እዚህ ላይ ቃል በቃል ይፈጸማል።

የሆነ ሆኖ ተስፋ የሚቈረጥበት ነገር አይደለም፤ እንዲያውም ሕመሙ ገና የተነገረበት ወራት ከሁሉ የተሻለ ጊዜ ነው። በስኮትላንድና በሰሜን እንግሊዝ ሕመሙ ከተነገራቸው ከስድስት ዓመት ያልበለጡ 306 ሰዎች የተካፈሉበት ጥናት የመጀመሪያው ዓመት ውጤት በ2017 ታትሟል። ከእነዚህ ግማሾቹ በጤና ሠራተኞች ጥበቃ ሥር ሆነው ከሦስት እስከ አምስት ወር በቀን 850 ካሎሪ ያህል ብቻ ተመገቡ፤ ከዚያም ቀስ በቀስ ወደ ተራ ምግብ ተመለሱ። በዓመቱ መጨረሻ ከእነዚህ ከመቶው 46ቱ ያለ መድኃኒት ስኳራቸው ከሕመም ልክ በታች ወርዶ ተገኘ፤ የተለመደውን ሕክምና ብቻ ካገኙት ግን ከመቶው 4ቱ ብቻ ነበሩ። 15 ኪሎና ከዚያ በላይ ከቀነሱት ከመቶው 86ቱ፣ ከ5 እስከ 10 ኪሎ ከቀነሱትም ከመቶው 34ቱ ለዚህ ውጤት በቅተዋል። ይህን የመሰለ ጽኑ አመጋገብ ያለ ሐኪም ፈቃድና ክትትል በራስ መጀመር አደገኛ ነው። ነገር ግን ትልቁን ያልቻለ ትንሹም ይጠቅመዋል፤ ከክብደት ከመቶ አምስት እጅ መቀነስ እንኳ ስኳሩንና የደም ግፊቱን ያሻሽላል። ለዚያ 96 ኪሎ ለሚመዝን ሰው ይህ 5 ኪሎ ያህል ነው። በወር አንድ ኪሎ ቢቀንስ በአምስት ወር ይደርስበታል። «ቀስ በቀስ ዕንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ነውና።

እንግዲህ ዘዴው በጸሎትና በመሐላ ብቻ ሳይሆን ቀኑን እንደ ገና በማደራጀት ነው። ሻዩ ያለ ስኳር ይፈላና ስኳሩ ለብቻው ይቅረብ፤ ማንኪያው በየሳምንቱ ከሦስት ወደ ሁለት፣ ከሁለት ወደ አንድ ይውረድ። የለስላሳው መጠጥ ቦታ ለውሃ ይሰጥ። ዓሣው ይበላ፤ ቂጣው ይከፈል፤ ከሩዙም በፊት አትክልት ይቅደም። እግር ለመንቀል ሙቀቱ የሚበርድበት ሰዓት ይመረጥ፤ ፀሐይ ሳትወጣ ወይም ከጠለቀች በኋላ ሲየስታ በሚባለው የባሕር ዳርቻ ግማሽ ሰዓት፣ በሳምንት አምስት ቀን መሄድ 150 ደቂቃ ይሆናል፤ ሐኪሞችም ከዚህ እንዳያንስ የሚመክሩት ይህንኑ ነው። ሚዛን ላይ መውጣት በሳምንት አንድ ጊዜ፣ በአንድ ቀንና በአንድ ሰዓት ይበቃል፤ በየቀኑ የሚመዘን ሰው የውሃውን መውጣትና መውረድ አይቶ በከንቱ ይጨነቃል።

በጾም ላይም ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ሥጋና ቅቤ ቀርቶ እንጀራውና ዳቦው ከበዛ ጾሙ ብቻውን አያከሳም። ኢንሱሊን ወይም ግሊቤንክላሚድ የሚወስድ ሰው ደግሞ በዐቢይ ጾምም ሆነ በረመዳን ያለ ምግብ ለረጅም ሰዓት ቢቈይ ስኳሩ ከልክ በታች ወርዶ ሊያንቀጠቅጠው፣ አልፎም ራሱን ሊያስተው ይችላል፤ ስለዚህ ጾሙ ሳይገባ ሐኪሙን ያማክር። በቅርብ ዓመታት እንደ ሴማግሉታይድ ያሉ የምግብ ፍላጎትን የሚቀንሱ መርፌዎች ወጥተዋል፤ ይረዳሉ፤ ነገር ግን ዋጋቸው ውድ ነው፤ ሲቋረጡም ክብደቱ ብዙ ጊዜ ይመለሳል። ስኳር ያለበት ሰው ሁሉ ይቅጠን ማለትም ስሕተት ነው። ቀጭን ሆኖ የሚታመም አለና፣ ሳያስብበት በፍጥነት የሚከሳ ሰው ሳይዘገይ ወደ ሐኪም ይሂድ።

በመጨረሻ የመምህራን ድርሻ ይቀራል። ተማሪ በአንድ ፈተና ስለ ወደቀ ከትምህርት እንደማይሰናበት መምህር ሁሉ ያውቃል። የወደቀበት ምዕራፍ ተለይቶ እንደ ገና ይማረዋል፤ በጓደኞቹ ፊት እንዲዋረድ የተደረገ ልጅ ግን ደብተሩን ይደብቃል፤ ቀጥሎም ከትምህርት ቤት ይቀራል። ለክብደቱ የሚታገለውም ሕመምተኛ እንዲሁ ነው። አንድ ሳምንት ሚዛኑ ቢመለስበት «ምን ተለወጠ? የሰርግ ድግስ ነበር? እንቅልፍ ጐደለ? መድኃኒት ተቀየረ?» ተብሎ ይጠየቅ እንጂ አይነቀፍ።

ይህንንም በሥራ ለማሳየት ብዙ ወጪ አያስፈልግም። በመምህራን ማረፊያ ክፍል ሻይ ሲቀርብ ስኳሩ ለብቻው ይሁን፤ በስብሰባም ጠረጴዛ ላይ ከለስላሳው በፊት ውሃ ይቀመጥ። የሒሳብ መምህር የስኳሩን ግራም በምሳሌነት ያስቈጥር፤ የሳይንስ መምህር የቆሽትን ሥራ ሲያስተምር የልጆቹ ወላጆች የሚወስዱትን መድኃኒት ያስታውስ፤ ልጅ በትምህርት ቤት የሰማውን ማታ በቤቱ ይናገራልና። ሕመሙ አዲስ የተነገረው ባልደረባ ሲኖርም «በሞቴ ብላ» ከማለት ይልቅ ማታ አብሮት እስከ ባሕሩ ዳር የሚሄድ አንድ ሰው ይገኝለት። እንዲህ ያለ ባልደረባ ያገኘ ሰው ሕመሙን የሚደብቅበት ምክንያት አይኖረውም፤ ቀጠሮውንም አይተውም፤ የጐደለውን ኪሎ ጠብቆ ለመቈየት የሚያስፈልገውን ረጅም ትዕግሥትም ብቻውን አይሸከመውም።