የሠራተኛ ዋጋና የሃይማኖት ፍሬ

(በዲምቱ በቤተ ክርስቲያናችን የኢዮቤልዩ በዓል ላይ የተደረገ ንግግር)



ኦሪት ዘሌዋውያን በ25ኛው ምዕራፍ እንደሚያስረዳን ኢዮቤልዩ 50ኛው ዓመት ነው፤ በዚያም ዓመት መለከት ይነፋ፥ የተሸጠውም ርስት ወደ ባለቤቱ ይመለስ፥ በድህነት ራሱን የሸጠው ወንድምም ነፃ ይወጣ ነበር። እንግዲህ ኢዮቤልዩ የከበሮና የእልልታ በዓል ብቻ አይደለም፤ የሰው ገንዘብ ለሰው የሚመለስበት ነው። ስለዚህ እኔም ዛሬ የራሴን ዕዳ ልናገር ወድጃለሁ።

ከቅኔ ቤት ወጥቼ ወደ ወላይታ በመጣሁበት ዘመን፥ የመስቀል በዓል ሊደርስ ጥቂት ቀን ሲቀረው፥ አንድ ሰው በግቢዬ እንጨት ሲፈልጥ ዋለ። በመሸም ጊዜ ከደጄ ቆሞ፥ «መሪጌታ፥ ዋጋዬን ይስጡኝ» አለኝ። እኔ ግን ለበዓሉ ቅኔ እቆጥር ነበርና ሐሳቤ እንዳይበተን ብዬ፥ «ከበዓል በኋላ ተመለስ» አልሁት። እጅ ነሥቶ ዝም ብሎ ሄደ። ገንዘቡ ግን በሣጥኔ ውስጥ ነበረ።

የአገሩን ልማድ ገና አላወቅሁም ነበር። እናንተ እንደምታውቁት፥ ለጊፋታ ወንዶች በማኅበር ሆነው የበሬ መግዣ ያጠራቅማሉ፤ ሴቶችም ለቅቤው ገንዘብ ያስቀምጣሉ። ዕዳ ያለበት ይከፍላል፤ የተጣላም ይታረቃል። ያ ሰው የጎደለውን መዋጮ በዚያች ማታ ሊከፍል አስቦ ኖሮ፥ በእኔ ምክንያት በባልንጀሮቹ ፊት አፈረ። ይህንንም ጎረቤቴ የነገረችኝ በበዓሉ ማግስት፥ ሰዎች ቅኔዬን ካመሰገኑልኝ በኋላ ነው።

እነሆ፥ ትንሹ የቅኔ ተማሪ እንኳ የሚለየውን እኔ ሳትሁት። ሰሙን በቤተ መቅደስ አሳመርሁ፤ ወርቁን ግን በሣጥኔ ቈለፍሁበት። ወደ ቤቱ ሄጄ ዋጋውን ከይቅርታ ጋራ ብሰጠው በደኅና ፊት ተቀበለኝ፤ ነገር ግን ያለፈችውን ማታ ልመልስለት አልቻልሁም።

ኦሪት ዘዳግም በ24ኛው ምዕራፍ የድሀ ሠራተኛ ዋጋ በዕለቱ እንዲከፈል ማዘዙ ስለዚህ ነው፤ ድሀ ነገን የሚጠብቅበት ስንቅ የለውምና። ሐዋርያው ያዕቆብም ምግባር የሌላትን ሃይማኖት ነፍስ ከተለየችው በድን ጋራ አስተካከላት።

ገድሉ እንደሚነግረን አባታችን ተክለ ሃይማኖት በዳሞት ወንጌልን ሰበከ፤ በወላይታም በደብረ መንክራት ስሙ ይከብራል። ዛሬ ግን ጎረቤታችን ገድሉን ከማንበቡ በፊት የእኛን እጅ ያነባል፤ ይኸውም በገበያ የምንሰፍርበትን ጣሳ፥ በአደራ የያዝነውን የማኅበር ገንዘብ፥ ለሠራተኛ የምንከፍለውን ዋጋ ነው። ጾማችንንና ስግደታችንንም በዚሁ ይመዝነዋል።

ስለዚህ፥ ወዳጆቼ፥ ከዚህ ጉባኤ ወጥተን ወደ ቤታችን በገባን ጊዜ በእጃችን የቀረ የሰው ገንዘብ እንዳለ እንመርምር፤ ቢገኝም ሳይመሽ እንመልስ። ያን ጊዜ የኢዮቤልዩው መለከት በድሀው ደጅ ይሰማል።

ለዚህም እግዚአብሔር ይርዳን።