ስለ ሩቅ ማያ መነጽር አመራረጥ
በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን በተፈጥሮ ጥናት ክበብ አባላት የተደረገ ንግግር



በዚህ የደስታ ቀን በፊታችሁ ቆመን ልንናገርበት የመረጥነው ጉዳይ ሲሰሙት አነስተኛ ይመስላል፤ ነገር ግን ገንዘብንም ትምህርትንም የሚነካ ነው። ይኸውም ሩቁን አቅርቦ የሚያሳየው፣ ባይኖኩላር እየተባለ የሚጠራው መነጽር ሲገዛ በምን መመረጥ እንዳለበት ነው። ክበባችን ይህን ዕቃ ለመግዛት ገንዘብ አጠራቅሟል። ገንዘቡም ወላጆቻችን ከሸጡት ድንችና ገብስ፣ ከዲከረንስ ከሰልም ዋጋ ላይ ቀንሰው የሰጡን ስለሆነ፣ አንዲት ብር እንኳ በከንቱ እንድትወጣ አንፈልግም።

በመካከላችን የተነሣው ክርክር እንዲህ ነው። ከፊሎቻችን ስሙ በዓለም የታወቀ አንድ መነጽር ይገዛ አሉ። ከፊሎቻችን ደግሞ ስማቸው ብዙ የማይነሣ፣ ነገር ግን በሚገባ ተመርምረው የተመረጡ ሦስት ወይም አራት ይገዙ አልን። አንዱ ውድ መነጽር ይጠፋል፣ ይሰበራል ተብሎ በሣጥን ተቆልፎ መኖሩ አይቀርም። አርባ ተማሪ ወደ ዘንገና ሐይቅ ወርዶ አንዱ ብቻ እያየ ሠላሳ ዘጠኙ ቆሞ የሚጠብቅ ከሆነ፣ ይህ ትምህርት ሊባል ይችላልን?

የምንኖርበት አገር ደግሞ መታየት የሚገባው አገር ነው። ከእንጅባራ ወደ አዲስ አበባ በሚወስደው መንገድ ጥቂት እንደ ሄድን የምናገኘው ዘንገና፣ በእሳተ ገሞራ ጉድጓድ ውስጥ የተኛ፣ ዙሪያውን በደን የተከበበ ሐይቅ ነው። ማጅራቱ ላይ ነጭ ምልክት ያለው የደጋው ቁራ ከኢትዮጵያና ከጎረቤቶቿ ከፍተኛ ቦታዎች በቀር በሌላ አገር አይገኝም። ክረምቱ ሲወጣም ከአውሮፓና ከእስያ የሚመጡ ወፎች ወደ ጣና አካባቢ ይወርዳሉ።

ይህንን ሀብት ከእኛ በፊት ባዕዳን ተመልክተውታል። ቺዝማን የተባለው እንግሊዛዊ እ.ኤ.አ. ከ1925 እስከ 1934 ድረስ በሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ የአገሩ ቆንስል ሆኖ መቀመጫውን በዳንግላ አድርጎ ነበር። በዚያን ጊዜ ዓባይንና ጣናን ከማጥናቱም ሌላ የአካባቢያችንን ወፎች እየሰበሰበ ይመዘግብ ነበር፤ ስለ ጣናና ስለ ዓባይ የጻፈውንም መጽሐፍ በ1936 አሳተመ። ባዕድ ሰው ከሩቅ አገር መጥቶ የደጃችንን ወፍ ከመዘገበ፣ እኛ ተወላጆቹ ዐይናችንን ወደዚያ ማቅናት አይገባንምን?

እንግዲህ ወደ ዋናው ጉዳይ እንመለስ። ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል፤ የዕቃን ስም ግን የሚያወጣው ነጋዴ ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በጃፓን አገር ብዙ አነስተኛ የመነጽር መሥሪያ ቤቶች ተቋቁመው ነበር። ሥራቸው በአሜሪካና በአውሮፓ የሚሸጠው ግን በገዢው ኩባንያ ወይም በመደብሩ ስም ነበር። የሠሪው ማንነት የሚታወቀው በአካሉ ላይ በተቀረጸች ጄቢ በምትባል ትንሽ ምልክትና ከእርስዋ ቀጥሎ ባለው ቁጥር ነበር። ስለዚህ ስማቸው የተለያየ ሁለት መነጽሮች ከአንድ ሠሪ እጅ የወጡ ሊሆኑ ይችሉ ነበር። ዛሬም በቻይና አገር አንድ ፋብሪካ ለብዙ ነጋዴዎች ይሠራል፤ አንዱ ዕቃ ልብሱና ስሙ ተለውጦ በልዩ ልዩ ዋጋ ይሸጣል።

እንዲህ ስንል የታወቀ ስም ሁሉ ከንቱ ነው ማለታችን አይደለም። የጀርመኖቹ ዛይስና ላይካ፣ የኦስትሪያውም ስዋሮቭስኪ ያስከበራቸው እውነተኛ ሥራ ነው። ይሁን እንጂ ዋጋቸው ከእኛ አቅም በላይ ነው። ልዩነቱም ጎልቶ የሚታየው ብርሃን ሲደክምና የምስሉ ዳር ዳር ሲታይ ነው፤ በረፋድ ፀሐይ ወፍ ለይቶ ለመመዝገብ ግን መካከለኛው ዕቃ ይበቃል።

የአዊ ሰው ፈረስ ሲገዛ እንዴት እንደሚገዛ አባቶቻችን ያውቃሉ። ኮርቻው ቢያምር፣ መጣብሩም ቢያብለጨልጭ አይታለልም፤ ጥርሱን ገልጦ ያያል፣ ሰኮናውን ያነሣል፣ ከዚያም ያስጋልበዋል። መነጽርም እንዲሁ ይመርመር እንላለን። ምርመራውም አምስት ነው።

አንደኛ፣ ቁጥሩ ይነበብ። በመነጽሩ ላይ 8 በ42 ተብሎ ቢጻፍ፣ 8 ማለት ስምንት ጊዜ አቅርቦ ያሳያል ማለት ነው፤ 42 ደግሞ የፊተኛው መስተዋት ስፋት በሚሊሜትር ነው። 42ን ለ8 ስናካፍል 5 ነጥብ 25 እናገኛለን፤ ይህም ወደ ዐይን የሚመጣው የብርሃን ክብ ስፋት ነው። የዐይናችን ብሌን በቀን ብርሃን 2 ወይም 3 ሚሊሜትር ያህል ይከፈታል፤ በጨለማ ደግሞ የወጣት ሰው እስከ 7 ሊደርስ ይችላል። ስለዚህ 2 ነጥብ 5 ብቻ የሚሰጠው 10 በ25 በቀትር ቢያገለግልም፣ በደን ጥላ ሥርና በምሽት ይጨልማል። ማጉላት ሲበዛም የእጅ መንቀጥቀጥ አብሮ ይጎላል። በኪስ የሚያዝ ሆኖ 30 ወይም 50 ጊዜ ያቀርባል የሚል ጽሑፍ ያለበት ዕቃ ቢገጥማችሁ፣ እጃችሁን ሰብስቡ።

ሁለተኛ፣ መስተዋቱ ወደ ብርሃን ዞር ተደርጎ ይታይ። በላዩ የሚታየው ነጸብራቅ ደብዘዝ ያለ አረንጓዴ ወይም ሐምራዊ ከሆነ፣ ብርሃን እንዳይባክን የሚከላከል ቅብ አለው። እንደ መስኮት መስተዋት ነጭ ሆኖ ካንጸባረቀ ቅብ የለውም። እንደ ፍም የሚያበራው ቀይ ቅብ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ለገዢ ዐይን ማማለያ ነው፤ ቀዩን ብርሃን ወደ ውጭ ስለሚመልስ የነገሩን መልክ ያበላሻል።

ሦስተኛ፣ መነጽሩን ከዐይን አንድ ክንድ ያህል አርቆ ወደ ሰማይ በማቅናት፣ በዐይን በኩል ያለው የብርሃን ክብ ይታይ። ክቡ ሙሉና ዳሩ የጠራ ከሆነ መልካም ነው። ዳሩ ተቆርጦ አራት ማዕዘን ከመሰለ ግን በውስጡ ያለው ፕሪዝም ብርሃኑን ሁሉ አያሳልፍም።

አራተኛ፣ የሩቅ ቤተ ክርስቲያን ጉልላት በሁለት ዐይን ይታይበት። ጉልላቱ ሁለት ሆኖ ከታየ፣ ወይም ጥቂት ደቂቃ አይተን ዐይናችን ከደከመና ራሳችንን ካመመን፣ ሁለቱ ቱቦዎች አልተስተካከሉም። ይህ ጉድለት በገበያ ላይ እያለ ካልታወቀ፣ ከገዙ በኋላ ማቃናቱ የባለሙያ ሥራ ነው።

አምስተኛ፣ ቀስ ብሎ ይነቅነቅ፤ የሚንኳኳ ነገር ካለ ይተው። አሮጌ ከሆነ ደግሞ ውስጡ ጉምና ሻጋታ እንዳለበት ይታይ፤ እንደኛ ባለ ዝናብ በሚበዛበት አገር ይህ ዋና ነገር ነው።

ስለ ቅርጹም አንድ ቃል እንጨምር። ቱቦው ቀጥ ያለው ዓይነት ለመያዝ ይመቻል፤ ነገር ግን ፕሪዝሙ እጅግ ጥንቁቅ ሥራ ይፈልጋል። ጣሊያናዊው ፖሮ እ.ኤ.አ. በ1854 ባወጣው ዘዴ የሚሠራው፣ ትከሻው ሰፋ ያለው ዓይነት ግን በአነስተኛ ዋጋ የጠራ ምስል ለመስጠት ይቀለዋል። ገንዘቡ ጥቂት ለሆነ ሰው ምክራችን ይኸው ትከሻ ሰፊው ነው።

ወላጆቻችን ሆይ፤ ከአዲስ አበባ ዕቃ የምታመጡ ነጋዴዎች፣ በውጭ አገርም ዘመድ ያላችሁ ሁሉ፣ መነጽር ስታስገዙ ስሙን ከመጠየቃችሁ በፊት ቁጥሩንና ምርመራውን ጠይቁ። ታናናሾቻችንም በማናቸውም መነጽር ፀሐይን እንዳያዩ አደራ እንላለን፤ ዐይንን ያጠፋልና።

ክበባችን ውሳኔውን በሚመጣው ስብሰባ ይሰጣል። እኛ ግን ድምፃችንን ለብዙዎቹ መነጽሮች እንሰጣለን፤ ከአርባው ተማሪ አንዱም እጁን አጣጥፎ እንዲቆም አንፈልግምና።